የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የእናቶች መጽሐፍ ሽፋን

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተሰብስቧል። ምዝገባው በጥቅምት አልቋል፣ ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀንና የወላጆች በዓል ፎቶዎች ለሚኒ ሚዲያ ተሰጥተዋል። ትልቁ ሥራችን ግን የሥርዓተ ፆታና የጤና ክበባት ስለ እናቶች ገላ ላዘጋጁት ባለ 36 ገጽ መጽሐፍ የሽፋን ፎቶ ማንሣትና መምረጥ ነበር። «ፎቶ መምረጥ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» ላላችሁን ባልደረቦች መልሳችን እነሆ።

መጽሐፉ ማህፀን ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ 6 ሳምንት ያህል እንደሚፈጅበት፣ ከእምብርት ወደ ታች የሚወርደው ጥቁር መስመር በወራት ውስጥ እየደበዘዘ እንደሚሄድ፣ ሸንተረር ግን ቢፈዝም ጨርሶ እንደማይጠፋ ያስረዳል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከኢንተርኔት በወረደች ፈገግተኛ እናት መሸፈን ደጁን ከውስጡ ማጣላት ነው። ስለዚህ በሚያዝያ፣ የትብብር ደብዳቤ ይዘን፣ በክትባት ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። የ45 ቀን ክትባት የሚያስከትቡ እናቶች የሚመጡት ማህፀናቸው ወደ ቦታው በሚመለስበት ሰሞን ነውና ጊዜው ለመጽሐፉ የተመቸ ነበር።

ከሄድነው 11 ሰዎች ከነርሷ ጋር ወደ ክፍሉ የገቡት ሁለት ሴት ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ ስልኮቻቸውም ውጭ ቀርተዋል። ስምምነቱ ለእያንዳንዷ እናት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቧል፦ ፊት አይታይም፣ ፎቶው ከሽፋኑ ውጭ ቴሌግራምም ሆነ ቲክቶክ ላይ አይወጣም፣ ማተሚያ ቤት እስኪገባ ድረስ «ትቼዋለሁ» ማለት ይቻላል፣ ምክንያትም አይጠየቅም። ስድስት እናቶች ፈቀዱ። ሁለቱ በኋላ ሐሳባቸውን ስለለወጡ ፎቶዎቻቸው እዚያው ፊታቸው ተሰርዘዋል።

ብርሃኑ ከአንድ መስኮት ነበር። መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ጋርደን እናቲቱን ጎኗን ለመስኮቱ ሰጥታ እንድትቀመጥ አደረግን። ፍላሽ ከፊት ሲበራ ጥላውን ስለሚያጠፋ ሸንተረሩ አይታይም፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ግን ለእያንዳንዷ መስመር ትንሽ ጥላ ይሰጣታል። ነጠላው ደግሞ ካሜራውን ያታልላል፦ ነጭ ሲበዛበት ምስሉን ያጨልመውና ቆዳው አመድ ይመስላል። በመሆኑም የብርሃን መጠኑን በ2/3 እርከን ከፍ አደረግን (አንድ ሙሉ እርከን ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል)። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 4 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ በአይኤስኦ 400 (ካሜራው ብርሃን የመቀበል ንቃት) እና በ1/125 ሰከንድ የተነሡት ጥርት ብለው ወጡ። መጀመሪያ በ1/30 ሰከንድ የተነሡትን የእጅ መንቀጥቀጥና የእናቲቱ ትንፋሽ አደብዝዟቸዋል።

ለምርጫው ፎቶዎቹን በ5 ሴንቲ ሜትር አትመን ሰሌዳ ላይ ለጠፍንና ከክፍሉ ጫፍ ሆነን አየናቸው፤ ከሩቅ የማይነበብ ፎቶ ሽፋን አይሆንም። ልጅ በአንቀልባ ያዘለችው እናት ውብ ነበረች፣ ግን ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው። ሆድን ብቻ በቅርበት ያሳየው የሕክምና ፖስተር መሰለ። ያሸነፈው መቀነቷን የምትቋጥረው እናት ፎቶ ነው፦ ነጠላው በጎን ትንሽ ገለጥ ብሏል፣ ሸንተረሩ ይታያል፣ ከላይ ያለው አንድ ሦስተኛ ጥቁር ግድግዳ ስለሆነ ለርእሱ ቦታ አለው።

ከዚያ ወደ እናቲቱ ተመለስን። በኅዳር ክበቡ ውስጥ ስለ አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ አንድ ፎቶ ተወያይተን ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተነሣችውን እናት መልክ ዓለም ሁሉ ሲያውቀው፣ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን የሚለው ስሟ የታወቀው ግን በ1978 ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቶውን መጀመሪያ የምታየው የተነሣችው እናት ራሷ እንድትሆን ደንብ አውጥተናል። ፎቶውን ያነሣችው የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ለእናቲቱ ያሰበች መስሏት ቆዳውን በስልክ መተግበሪያ አለስልሳው ነበር። የአራት ልጆች እናት ናት፤ ህትመቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችውና «ይሄማ የኔ ሆድ አይደለም። አራቱ ልጆቼ ወዴት ሄዱ?» አለች። ተማሪዋ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው «ይቅርታ፣ እትዬ» ብላ ዋናውን ፎቶ ከካሜራው ከፍታ አሳየቻት። «አዎ፣ ይቺ ነኝ» አለች እናቲቱ። ሽፋኑ ያን ጊዜ ተመረጠ።

ስሕተትም ነበረብን። ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ስለላክነው ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ወረደ፤ ይህ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ከ11 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ለኤ5 (የኤ4 ግማሽ) ሽፋን፣ በየጎኑ ከሚቆረጠው 3 ሚሊ ሜትር ጋር፣ 1819 በ2551 ፒክስል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የሙከራ ህትመትም ጠቆረብን፤ ስክሪን ከውስጡ ያበራል፣ ወረቀት ግን አያበራም። ቆዳውን ትንሽ አፍክተን በድጋሚ አሳተምነው።

ያለን አንድ ካሜራ ነው፤ ባትሪው 40 ደቂቃ አይቆይም። ለማልያ በየዓመቱ በጀት ይያዛል፣ ለካሜራ ባትሪ ግን ሦስት ዓመት ጠይቀን መልስ አላገኘንም። ከአባላት መዋጮ የታተመው 60 ቅጂ ነው። ያሰብነው 300 ነበር፤ 200ው ለጤና ጣቢያው የክትባት ክፍል፣ የቀረው ለቤተ መጻሕፍታችንና ለወላጆች። ለሽፋኑ በካሬ ሜትር 250 ግራም፣ ለውስጡ 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት ያስፈልገናል። ማተሚያ ቤት ያላችሁ ወይም የማትጠቀሙበት ካሜራ ቤታችሁ የተቀመጠ ወላጆች፣ ረቡዕ ከ9፡30 በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል ታገኙናላችሁ።