አዎ፣ ጌም ነው፦ የበረራ ሲሙሌሽን ክበብ ዓመት

«ዛሬም ጌም ልትጫወቱ ነው?» ዘንድሮ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ስንቴ እንደተባልኩ አልቆጠርኩም። አዎ፣ ጌም ነው። ግን የጎን ንፋስ አውሮፕላኑን ስንት እንደሚገፋው ለማወቅ ሳይን እና ኮሳይን ቤቱ ሠርቶ የሚመጣ ልጅ ያየሁት እዚህ ክበብ ውስጥ ነው። ክፍል ውስጥ ለምኜም አላገኘሁትም።

የምንወዳደረው በቡሽ ፕሌን ነው። አስፋልት የማይጠይቁ፣ ሣርና ጠጠር ላይ የሚያርፉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ናቸው። የምንጠቀመው ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚያስበርረውን፣ ፍላይትጊር የተባለውን ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በነፃ የሚታደል፣ ተማሪዎቼን በዕድሜ የሚበልጥ። ትምህርት ቤቱን አንድ ሳንቲም አላስወጣንም። ይህን አስምሩበት።

ደንባችን ቀላል ነው። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አውሮፕላን ይይዛል፤ ትልልቅ ጎማ የተገጠመለት ሴስና 172። በየማረፊያው ወርዶ ሙሉ በሙሉ መቆም ግዴታ ነው። የተከሰከሰ ካለፈው ማረፊያ እንደገና ይነሳል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምለትም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ስብሰባና ልምምድ ነበር፤ አልፈዋለሁ። በመጀመሪያው ውድድር ሁላችንም ተከሰከስን። በሁለተኛው ኢንተርኔቱ ስለተንቀራፈፈ የተጋጣሚዎቻችን አውሮፕላኖች እንደ ፌንጣ ይዘሉብን ነበር። በሦስተኛው መብራት ጠፋ። የኮምፒውተር ላቡን ቁልፍ ፍለጋ የባከነውን ሰዓት ብደምረው ደግሞ ሌላ አንድ ውድድር ይወጣዋል።

አሁን ስለ ሉክላ ልንገራችሁ።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ኔፓል ላይ ነበር። ከራሜቻፕ ተነስቶ ፋፕሉ ላይ ቆሞ ሉክላ መግባት። ሉክላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,845 ሜትር ላይ ያለች፣ ወደ ኤቨረስት የሚጓዙ ሰዎች የሚወርዱባት ማረፊያ ናት። መንደርደሪያዋ 527 ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም ሽቅብ። ከፊት ለፊት ተራራ ቆሟል። ከተጠጉ በኋላ «ቆይ ዞሬ ልምጣ» አይባልም።

ሽቅብ የሆነ መንደርደሪያ ዓይንን ያታልላል። ከፍ ብለህ የመጣህ ይመስልሃል፤ ዝቅ ትላለህ፤ ከመንደርደሪያው በታች ያለው ገደል ላይ ትለጠፋለህ። ከፊት ይመሩ የነበሩት ሁለቱ ልጆቻችን የሆኑት ልክ እንዲህ ነው።

ከእነሱ ኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ያሉን ሁለት ጆይስቲኮች (የማብረሪያ ዘንጎች) በዕጣ ነው የሚታደሉት፤ ለእሷ አልወጣላትም። በኪቦርድ ነው የምታበርረው። ከኪቦርዱ ጎን የስኩዌር ወረቀት ዘርግታለች፤ በየትኛው ርቀት ስንት ከፍታ ላይ መሆን እንዳለባት በእርሳስ አስምራለች። ስክሪኑን ትታ ቁጥሩን በሹክሹክታ እያነበበች ወረደች። ላቡ ጸጥ አለ። ጎማው ነካ። አንዴ ነጠረ። ቆመ።

ልናጨበጭብ እጃችንን ስናነሳ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ!

«ፍሬን! ፍሬን!» አለ ከኋላዋ የቆመው ልጅ። እኔ እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኛለሁ፤ ፍሬኑ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ እንኳ ጠፍቶኛል። እሷ አገኘችው። ከ11 ተወዳዳሪ 4ኛ ወጣች።

ደረጃዋን አልጠየቀችኝም። «ቲቸር፣ ከፋፕሉ ስነሳ ሞተሩ ለምን ደከመ?» ነው ያለችኝ። ለፊዚክስ መምህራችን አሳለፍኩት። በሳምንቱ ክበባችን ላይ መጥቶ፣ አየሩ ሲሳሳ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እንደሚዳከም፣ ሉክላ ከፍታ ላይ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን እንደሚያጣ፣ ክንፉም የሚሸከመው አየር ስለሚሳሳበት አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ እንደሚፈልግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረዳ። ደወሉ ከተደወለ በኋላም የተነሳ ልጅ አልነበረም። ያ መምህር ደግሞ «ዛሬም ጌም?» ከሚሉኝ አንዱ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

ለሚመጣው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አራት ጆይስቲክ፣ መብራት ሲጠፋ ውድድር የሚያስጨርስ አንድ ዩፒኤስ፣ እና የላቡ ቁልፍ አንድ ኮፒ። በየዓመቱ ለስፖርት ክበብ ኳስ ሲገዛ «ጨዋታ ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም።

መጥታችሁ ማየት ለምትፈልጉ፣ ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ላብ ውስጥ ነን። ወንበር ይዛችሁ ኑ፤ የእኛ አይበቃም።