ትከሻው ደጋግሞ ለሚወልቅ ወጣት «ኦፕራሲዮን መጨረሻ ላይ» አትበሉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰላም ብያለሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። በጤና ዓምዳችሁ ስለ ትከሻ ውልቃት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዙው ጥሩ ነው፤ በተለይ የወለቀን ክንድ ያገኘ ሁሉ አይጎትት ማለታችሁ። ግን መጨረሻው ላይ «ኦፕራሲዮን የመጨረሻ አማራጭ ነው» ብላችሁ አለፋችሁት። ይቺ አባባል ናት ብዕር ያስነሳችኝ።

እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ኳስ ሲጫወቱ ወይም ከሞተር ሲወድቁ ነው የጀመራቸው። የመጀመሪያውን ወጌሻ መልሶላቸዋል፣ ጥቂት ቀን በሻሽ አንጠልጥለውታል፣ ሕመሙ ሲተዋቸው ወደ ሜዳ። ከዚያ ይደገማል። ቆይቶ ጃኬት ሲለብሱ፣ ተኝተው ሲገላበጡ ሁሉ መውለቅ ይጀምራል። አንዳንዱማ ራሱ መልሶ ማስገባት ለምዶ እንደ ሙያ ያሳያችኋል! ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስብራት ካለ ግን ያለ ራጅ ማን ያውቃል?

ችግሩ፣ በወለቀ ቁጥር የሚጎዳ ነገር አለ። የትከሻ ጉድጓድ ሲኒ ሳይሆን የሲኒ ማስቀመጫ ነው የሚመስለው፣ ጥልቀት የለውም። ዙሪያውን ላብረም የሚባል ጠርዝ ይዞታል። ትከሻ ከአሥር ዘጠኙን ጊዜ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ የሚወልቀው ወደ ፊት ነው፤ ያኔ ይህ ጠርዝ ከፊት ለፊት ይገነጠላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ባንካርት በ1923 ስለጻፈበት ጉዳቱም ጥገናው በስሙ ይጠራሉ። የክንዱ አጥንት ራስም ከጉድጓዱ ጋር ሲጋጭ ከኋላው ይሰረጉዳል። ሲደጋገም ደግሞ የጉድጓዱ አጥንት ራሱ ከፊቱ እየተሸረፈ ይሄዳል።

ሐኪሙ የሚመርጠውን ኦፕራሲዮን የሚወስነው በዋናነት ይሄ ነው፦ አጥንቱ ምን ያህል ጎድሏል? ብዙ ካልጎደለ የተገነጠለውን ጠርዝ ወደ ቦታው መልሶ መስፋት ይበቃል። በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ፣ ከአጥንቱ ጋር በሚጣበቁ ትንንሽ ማሰሪያዎች። የክንዱ ራስ ስርጉዱ ትልቅ ከሆነ ከኋላ ያለውን ጅማት እዚያው ሰፍቶ መሙላት ይጨመርበታል። ከጉድጓዱ አጥንት አንድ አምስተኛ ወይም አንድ አራተኛ ያህሉ ከሄደ ግን መስፋት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይዝም። ያኔ ፈረንሳዊው ላታርዤ በ1954 ያስተዋወቀው ዘዴ ይመጣል፦ ከትከሻ ፊት ብቅ ያለች የአጥንት ጫፍ ከነጅማቷ ተቆርጣ በጎደለው ቦታ በብሎን ትታሰራለች። ክንድ ሲነሳ ጅማቷም ከፊት ደግፋ ትይዛለች። ጥሩ ውጤት አለው፤ ግን ነርቮቹ አጠገቡ ናቸው፣ ሥራው ከበድ ይላል።

እንግዲህ «መጨረሻ ላይ» እየተባለ ዓመታት የጠበቀው ልጅ ምን ይሆናል? በስፌት ሊያልቅለት ይችል የነበረው ጉዳት አጥንት ወደ መትከል ይሄድበታል። ካሜራው በየሆስፒታሉ ስለሌለ ውጭ አገር ለመሄድ ገንዘብ እስኪሞላላቸው የሚጠብቁም አሉ። ሁለቱም ኦፕራሲዮኖች በግልጽ ተከፍቶም እንደሚሠሩ ማንም አልነገራቸውም።

ሁሉም ሰው ቢላ ያስፈልገዋል እያልኩ አይደለም። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ አንድ ጊዜ የወለቀበት ሰው የመደገሙ ዕድል ከወጣቱ በጣም ያነሰ ነው። እሱ ላይ የሚያሠጋው ክንድ የሚያነሳው ጅማት መበጠሱ ስለሆነ፣ ሳምንታት አልፈው ክንዱ አልነሳ ካለ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ይታይ። መገጣጠሚያቸው በተፈጥሮ የላላ ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ ለወራት ትከሻ የሚያጠነክር ስፖርት ይሥሩ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ትከሻው ወደ ኋላ ሊወልቅ ይችላል፣ ከፊት ብቻ በተነሳ ራጅም ያመልጣል፤ ከኦፕራሲዮን በፊት በሽታው በመድኃኒት መያዝ አለበት። ወልቆ ሳምንታት የቆየን ትከሻ ግን እባካችሁ ማንም እንዳይጎትተው። ደም ሥር ሊበጠስ፣ አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ነው የሚመለሰው።

ኦፕራሲዮን ከተሠራ በኋላ ያለውንማ ረስታችሁታል፣ ወይ ቦታ አጥሯችሁ ይሆናል። እንደየሥራው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ክንዱ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ጉልበት። መጋፋት ያለበት ስፖርት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሕመሙ ሲጠፋ ከፊዚዮቴራፒ የሚጠፉት ብዙ ናቸው፤ በኋላ ክንዴ ደረቀ ብለው ይመለሳሉ።

በሚቀጥለው ዓምዳችሁ አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ብትጋብዙ ደስ ይለኛል። ይህችን ጠይቁልኝ፦ ትከሻው ሁለት ጊዜ የወለቀበት የ19 ዓመት በረኛ፣ አጥንቱ ምን ያህል እንደጎደለ የሚያሳየውን ሲቲ ስካን መቼ ይነሳ?

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ