ለረዳቷ ልጄ

ይድረስ ለልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ብቻ ካለፈው እሁድ ጀምሮ አኩርፋለች። ያኮረፈችው አንቺን ነው፤ ቡናው የቀረበት ግን እኔ ነኝ።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ነበር። «በኅዳር ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሜክሲኮ ባሃ 1000 እሄዳለሁ» ስትዪ ባሕር ዳር ልትዝናኚ መስሏት «እሰይ» አለች። የበረሃ መኪና ውድድር መሆኑን ስትነግሪያት «በስመአብ!» ብላ ተነስታ ሄደች። እኔ ዝም ያልኩት ተናድጄ አይደለም። «አባ፣ እኔ ነጂ አይደለሁም፤ ከኋላ እየተከተልን ጎማና ነዳጅ የምናቀብል ነን» ያልሽው ነገር ሌላ ቦታ ይዞኝ ሄደ። ልጄ፣ ይሄ ሥራ እኛ አገር ስም አለው። ረዳት ይባላል።

አማርኛዬን ቀስ እያልሽ አንብቢው። ያልገባሽን እናትሽን ጠይቂ፤ በዚያው ትታረቃላችሁ።

በ19 ዓመቴ የአሰብ መስመር ረዳት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ ግን አለ። አንድ ሌሊት ዲቾቶን አልፈን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ወረድኩ፣ ክሪኩን አስገባሁ፣ ማንሳት ጀመርኩ። እንቅልፍ ይዞኝ ነበር መሰለኝ ታኮ፣ መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚደረገውን እንጨት፣ ማድረግ ረሳሁ። መኪናው ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ ከክሪኩ ላይ ሸርተት አለ። እጄን እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። ልጅ ሆነሽ እየነካካሽ የምትጠይቂኝ ይቺ የተጣመመች ጣቴ፣ በር ዘግቶብኝ ነው የምልሽ፣ በር አልነበረም። ሾፌሩ አልተቆጣኝም። ባትሪውን አብርቶ ጣቴን አየና «ታኮ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አዋሽ እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ከእሁድ ወዲህ ኤርፖርት ታክሲ ተራ ስጠብቅ የማነበው ስለዚህ ስለ አንቺ ውድድር ነው። ከኋላዬ ያለው ሐበሻ ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ።

ነገሩ የተጀመረው ሞተር ሳይክል ለመሸጥ ነው። ጊዜው 1962 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፤ በእኛ አንቺ ትምታቺያለሽ)። የአሜሪካው ሆንዳ 250 ሲሲ የሆነች አዲስ ሞተር አመጣ። ገበያተኛው ግን የጃፓን ዕቃ ይበረክታል ብሎ አላመነም። እንግዲያው ከቲዋና እስከ ላ ፓዝ፣ የባሃ ካሊፎርኒያን ባሕረ ገብ መሬት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢሻገሩባትስ? ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብዛኛው አስፋልት የማያውቀው፣ ድንጋይ፣ አሸዋና የደረቀ ወንዝ ነው። መጀመሪያ የተጠየቀው በድ ኢኪንስ ነበር። እሱ ግን ራሱ የትራያምፍ ሞተር ነጋዴ ነው፤ የሰው ገበያ ለማድመቅ ምን በወጣው! ታናሽ ወንድሙን ዴቭን ጠቆመ። ዴቭ ኢኪንስና ቢል ሮበርትሰን የሚባል ሌላ ነጂ በሁለት ሆንዳ ተነሱ።

አሁን የምወደው ቦታ ላይ ደረስን። ማን ያምናቸዋል? ጂፒኤስ የለ፣ ሞባይል የለ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ሰዓት የሚይዝ ሰው የለ። ሰዎቹ ቲዋና ቴሌግራፍ ቤት ገብተው ቴሌግራም ላኩ፤ የተነሱበት ሰዓት ወረቀቱ ላይ ታተመ። ላ ፓዝ ሲደርሱም መጀመሪያ የፈለጉት ውሃ ሳይሆን ቴሌግራፍ ቤት ነው። ሁለቱ ወረቀት ሲቀናነስ ለዴቭ 39 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ወጣ። 40 ሊሞላ አራት ደቂቃ! ሮበርትሰን ከእሱ በኋላ ገባ። ከላይ ደግሞ ትንሽ አውሮፕላን እየበረረች ነዳጅ ታቀብላቸው ነበር። አየሽ፣ የዚያን ጊዜም ረዳት አለ። በሰማይ ነው እንጂ።

ሪከርድ ማለት ደግሞ ጎረቤትን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። ብሩስ ማየርስ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ነበር፤ ጀልባ የሚሠራ፣ ፋይበር ግላስ ጠንቅቆ የሚያውቅ። ይሄ ሰው ቮልስ ወሰደ። አዎ፣ አዲስ አበባ ያለችዋን የእኛኑ ቮልስ። የላይኛውን ቆርቆሮ አውልቆ ጣለ፣ ወለሉን አሳጠረ፣ ከላይ እንደ መታጠቢያ ገንዳ የመሰለ ፋይበር ግላስ ገጠመላት። ማየርስ ማንክስ ይሏታል። ሰው ሲያያት ይስቃል። ግን አስቢው፤ የቮልስ ሞተር በንፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። ራዲያተር የለውም፣ ውሃ አይጠይቅም፣ በረሃ ላይ አይፈላብሽም። ሞተሩ ደግሞ ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ ያረፈው በሚገፋው ጎማ ላይ ነው፤ አሸዋ ውስጥ ጎማው ይነክሳል። እኛ ዳናክል ላይ ራዲያተር በፈላ ቁጥር ጄሪካን ተሸክመን ስንሮጥ ይሄን የሚነግረን ሰው አጥተን ነው።

በ1967 ሚያዝያ ማየርስና ቴድ ማንገልስ በማንክስ ከላ ፓዝ ቲዋና 34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገቡ። ከእነ ዴቭ ሞተር ሳይክል በአምስት ሰዓት ፈጠኑ። ወሬው ካሊፎርኒያን አዳረሰ፤ ኤድ ፐርልማን የሚባል ሰውም በየተራ ሪከርድ ከመስበር ሁሉንም በአንድ ቀን አሰልፎ መልቀቅ ይሻላል አለ። ኖራ የሚባል ማኅበር አቋቋመ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ቀን 68 ተወዳዳሪ ቲዋና ላይ ተሰለፈ። ሞተር ሳይክል፣ ጂፕ፣ ቮልስ፣ የቤት መኪና ሳይቀር። ስሙ ሜክሲካን 1000 ነበር። 1,366 ኪሎ ሜትር፤ ከአዲስ አበባ አሰብ ደርሰሽ ግማሹን መንገድ እንደመመለስ ማለት ነው።

መንገዱን አንድ በአንድ ልንገርሽ፤ በስሙ እያወቅሽው እንድታልፊ። ከኤንሴናዳ ወደ ደቡብ ትንሽ እንደሄዱ አስፋልቱ ያልቃል። ኤል ሮሳሪዮ ላይ ዶኛ አኒታ ኤስፒኖሳ የምትባል ሴት ምግብ ቤት ነበራት፤ ተወዳዳሪው ማለፉ የሚመዘገብበት ቼክ ፖይንት እሷ ዘንድ ነበር። ምግብ ቤቱ ዛሬም አለ ይላሉ፤ ካለ ገብተሽ ብዪ። ከዚያ ሳንታ ኢኔስ የሚባል የከብት እርባታ፣ ፑንታ ፕሪዬታ፣ ኤል አርኮ፣ ሳን ኢግናሲዮ የተምር ዛፎች ያሉበት፣ ላ ፑሪሲማ፣ ቪያ ኮንስቲቱሲዮን፣ ከዚያ ላ ፓዝ። በእነዚህ መካከል ያለው አቅጣጫ እንጂ መንገድ አይባልም። አንዱ ዱካ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ ለአራት። ከኤል ሮሳሪዮ በታች ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ አፈር አለ። ከላይ ደልዳላ ሜዳ ይመስላል፤ መኪናው ሲገባበት እስከ ቸርኬው ይውጠዋል፤ አቧራው ተነስቶ የራስሽን እጅ አታዪም። ከፊትሽ የቆመ መኪና መኖሩን የምታውቂው ስትገጪው ነው።

ያን ጊዜ ያሸነፉት ቪክ ዊልሰንና ያው ቴድ ማንገልስ ናቸው፤ በማየርስ ማንክስ፣ በ27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ። ማንገልስ የሚለውን ስም ልብ በዪልኝ። ሪከርዱም ላይ አለ፣ ውድድሩም ላይ አለ። ሁሌ «እና» ከሚለው ቃል በኋላ።

ከዚያ ነገሩ የትልልቆቹ ሆነ። የሲኒማ ሰዎች ገቡበት፤ ስቲቭ ማክዊን፣ ጀምስ ጋርነር። የኢንዲያናፖሊስ አሸናፊው ፓርኔሊ ጆንስም መጣ። በመጀመሪያ ሙከራው መኪናውን አንክቶ ተመለሰ፤ በረሃ ላይ እንደ ሜዳ ውድድር ነድቶ። መኪና የሚሠራለት ቢል ስትሮፕ የሚባል ባለሙያ ነበር። ይሄ ሰው ደህና አድርጎ ሠርቶ በመስጠት አላበቃም፤ ከጎኑም ተቀምጦ አብሮ ሄደ። የገዛ ሥራሽ ሲሰበር በቀኝ ወንበር ተቀምጦ ማየት! በኋላ ቢግ ኦሊ የምትባል፣ ጣሪያዋ ላይ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ያለባት ፎርድ ብሮንኮ ሠሩ። በ1971 በ14 ሰዓት ከ59 ደቂቃ አሸነፉ፤ በ1972 ደገሙ። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ቀን በላይ የፈጀውን ነገር ማለት ነው። ሰው የሚያወራው ስለ ጆንስ ነው። እኔ ግን ስትሮፕን ቡና ብጋብዘው ደስ ይለኝ ነበር።

በ1973 ሁለት ነገር ሆነ። የሜክሲኮ መንግሥት ውድድሩን ከኖራ ላይ ወሰደ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ ከቲዋና እስከ ጫፉ የሚደርሰው አስፋልት ተመረቀ፤ ሀይዌይ 1። ለአገሩ ሰው ሐኪም ቤት ነው፣ ገበያ ነው፣ ማን ይጠላዋል? ውድድሩ ግን የኖረው አስፋልት ባለመኖሩ ነበር። በ1974 በነዳጅ እጥረቱ ምክንያት ጭራሽ ሳይካሄድ ቀረ። በ1975 ስኮር የሚባለው የሚኪ ቶምሰን ድርጅት ሲያስነሳው ከኤንሴናዳ ተነስቶ ዞሮ እዚያው የሚገባ ሆነ። ወደ ላ ፓዝ የተመለሰው በኋላ ነው። ዘንድሮ ላ ፓዝ ድረስ ነው ስላልሽኝ ደስ ብሎኛል፤ ዞሮ መመለስ ለእኔ ጉዞ አይመስለኝም።

እዚሁ ቬጋስም ቢሆን አለ፤ ሚንት 400 ይባላል። በ1968 የጀመረው አንድ ሆቴል ነው፣ እንግዳ ለመሳብ። ፎቁ ዛሬም ፍሪሞንት ጎዳና ላይ አለ፤ ስሙ ተቀይሮ ስንት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ሰው ሳወርድ ኖሬያለሁ። ቲየሪ ሳቢን የሚባለው ፈረንሳዊም በ1977 በሞተር ሲወዳደር ሰሐራ ውስጥ ጠፍቶ፣ ሞቷል ሲባል ተገኝቶ፣ ሰው በሆነ ማግሥት ፓሪስ ዳካርን ፈጠረ። በዲሴምበር 26 ቀን 1978 ከፓሪስ 182 ተነሱ፣ ዳካር የገቡት 74 ናቸው። ከሞት ተርፎ ሌላውን ሰው እዚያው በረሃ መጋበዝ ምን ይባላል? እናትሽ ያንን ብትሰማ... አትንገሪያት። ያ ውድድር አሁን ሳውዲ ነው፤ በ2020 ከጅዳ፣ ከአክስትሽ ከተማ ነበር የተነሳው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ያ ውድድሩን ከመንገዱ ያስወጣው አስፋልት አሁን የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የረዳቶች። ነጂዎቹ በረሃውን ሲያቋርጡ እናንተ ጎማ ጭናችሁ በሀይዌይ 1 እየሮጣችሁ ትቀድሟቸዋላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ በረሃው አይደለም፣ እሱ ነው። ጠባብ ነው፤ ብዙ ቦታ ጠርዝ የለውም፤ ሌሊት ላም ይተኛበታል። ሙቀቱን ከእኛ በላይ ላም ነው የሚወደው፤ አፋር ላይ አይቻለሁ። በሌሊት አትቸኩሉ። ነጂው ቢጠብቃችሁ ይጠብቅ።

ደግሞ ተመልካች ከተሰበሰበበት ጠንቀቅ በዪ። መኪና ሲዘል ለማየት ሲሉ መንገዱ ላይ ጉድጓድ የሚቆፍሩ፣ አፈር የሚቆልሉ አሉ። ሕዝብ በበዛበት ቦታ ወይ ጉድጓድ አለ ወይ ጉብታ አለ ብለሽ ለነጂሽ በሬድዮ ንገሪው።

ጎማ ስትቀይሪ እጅሽን ከሥር አታስገቢ። ከጋራዡ ጥግ የነበረውን ወፍራም እንጨት ቆርጬ ሁለት ታኮ ሠርቼልሻለሁ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ፣ ስንጣሪ እንዳይገባብሽ። ቀዳዳ በስቼ ገመድ አስሬበታለሁ፤ ስትነሱ በገመዱ ስበሽ ታነሺዋለሽ እንጂ ከጎማው ሥር በእጅሽ አትልቀሚም። ቅዳሜ ወደ ሳን ዲዬጎ የሚሄድ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ይዞልሽ ይመጣል። እናትሽ ኩርፊያዋ ሳይለቃት ዳቦ ቆሎ እየቆላች ነው። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት አልመለሰችልኝም፤ አንድ ሰው የማይጨርሰው ስለሆነ ገብቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከኤንሴናዳ ስትነሱ ሰዓቱን በቴክስት ላኪልኝ፤ «ተነሳን» ብቻ ይበቃል። ላ ፓዝ ስትገቡም እንደዚያው። መቀነሱን እኔ እቀንሳለሁ።

አባትሽ