የርክክቡን ሰነድ አሳዩን

ለአዘጋጁ፣

ዝናብ በመጣ ቁጥር የሕንፃችን ጣሪያ ያፈሳል። ሊፍቱም በየጊዜው ይቆማል። ሕንፃውን የሠራው አልሚ «ለነዋሪዎቹ ማኅበር አስረክቤያለሁ» ይላል። ማኅበሩ ደግሞ «የግንባታ ጉድለት ስለሆነ አልሚውን ጠይቁ» ይለናል። እኛ መሀል ላይ ተንጠልጥለን ቀረን።

የርክክቡ ሰነድ የት ነው? የጋራ ንብረት ሲረከቡ ገለልተኛ መሐንዲስ አይቶ ጉድለቱን በዝርዝር መመዝገብ አለበት። ያ ወረቀት ካለ ማን ምን እንደሚጠግን ይታወቃል። ከሌለ ግን ማኅበሩ ምን አይቶ ፈረመ? በዚያ ላይ ከማኅበሩ ኮሚቴ አባላት አንዳንዶቹ የአልሚው ተቀጣሪዎች ናቸው። እንዲህ ሆኖ ማን ማንን ይጠይቃል? እነሱ ከኮሚቴው ይውጡ።

በየወሩ የምንከፍለው የጥገና መዋጮም በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። ገንዘቡ የእኛ ነው፤ የማወቅ መብት አለን።

ከነዋሪዎቹ አንዷ