የደሴ ሰኔ ለሎጊያ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ? ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። 2011 ዓ.ም አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ችግኝ ትጽፋላችሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን የቱ አገር ላይ መቼ ይተከል የሚለው ሁሌ ይቀራል።

እኛ ወሎዬዎች ተከላ ሲባል ሰኔና ሐምሌ ነው የሚታየን። ለደጋው ደሴ ልክ ነው። ለኮምቦልቻም አፈሩ በደንብ ከራሰ ሐምሌ ጥሩ ነው፤ ነሐሴ አጋማሽን ካለፈ ግን ሥሩ ሳይዝ ዝናቡ ይወጣል። ባቲን አልፎ ወደ አፋር ለሚወርደውስ?

እትዬ የምትኖረው እዚያው አፋር፣ ሎጊያ ነው። ካቻምና ሰኔ ላይ 4 ኒምና 2 ቡጋንቪሊያ ከዚህ ጭኜ ወሰድኩላት። ሰኔ ለእኛ የክረምት መግቢያ ነው፤ እዚያ ግን አፋሮች ሐጋይ የሚሉት ወቅት ነው፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ነፋሱ ፊት ይለበልባል። ጠዋት ማታ በጀሪካን እያጠጣቻቸው በ10 ቀን ውስጥ ክው ብለው ደረቁ። አንዱን ነቅዬ አየሁት። ሥሩ የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ነው፣ ታች ላይ እንደ ክር ተጠምጥሟል፣ ወደ አዲሱ አፈር አንዲት ነጭ ሥር እንኳ አልወጣችም። ገና የተዛወረ ችግኝ እኮ ቅጠሉ የሚያተነውን ያህል ውሃ ሥሩ መሳብ አይችልም፤ በዚያ ንዳድ ምንም ቢያጠጡት አይደርስለትም።

ኅዳር ላይ ደግመን ተከልን። አየሩ በረድ ብሏል፣ አፈሩ ግን ሙቀቱን አልለቀቀም፤ ሥር የሚሮጠው እንዲህ ሲሆን ነው። ሐጋይ እስኪመጣም ወራት አሉት። ችግኞቹን በዋዜማው አጠጣናቸው፣ ፀሐይ ስትበርድ ላስቲኩን ቀደን የተጠመጠመውን ሥር ፈታ አደረግን፣ ጉድጓዱን ከጥልቀቱ ይልቅ ወደ ጎን አሰፋነው። የችግኙ አንገት፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ በአፈር አይቀበርም፣ ይበሰብሳል። ዙሪያውን ሣር ጎዘጎዝን፣ ግንዱን ሳይነካ። ከዚያ በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ትታ ቀን እየዘለለች ጥልቅ አድርጋ ታጠጣ ጀመር። 5ቱ ዛሬም አሉ፣ አንዱ ኒም ከአጥሩ በላይ ሆኗል።

ለበረሃ አገር እንግዲህ ውሃ ማጠጣት ለሚችል ሰው ጊዜው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ዘምባባ ብቻ ይለያል፤ ሥሩ ሞቃት አፈር ስለሚወድ ሙቀቱ ሲጀምር፣ መጋቢት ገደማ ቢዛወር ይሻለዋል።

እባካችሁ ጥቅምት ላይ ለቆላው ለብቻው ጻፉለት። ሰዉ እኮ ችግኝ የሚገዛው ከዚህ ከእኛ ነው፣ ሻጩም ሰኔ ላይ «አብሽር ይጸድቃል» ብሎ ነው የሚሸጥለት። እናንተ ከጻፋችሁ እኔ ጋዜጣውን ለእትዬ ጎረቤቶች በሎጊያ መኪና እልካለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ