ሀብል «አበቃለት» አትበሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። «አንድ ጋይሮስኮፕ (ቴሌስኮፑ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚለካ መሣሪያ) ብቻ ስለቀረው አበቃለት» የሚለው ግን መታረም አለበት። እኔ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ የተቃጠለ የፓምፕና የወፍጮ ሞተር ጠምጥሜ የማድር ሰው ነኝ። ስለ ከዋክብት ብዙም አላውቅም፤ ስለሚሽከረከር ዕቃ ሲወራ ግን ዝም ማለት አልችልም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የተሳሳተ ንባብ ሲሰጥ የተገኘው አንዱ ጋይሮስኮፕ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ ቀድመው ተበላሽተው፣ ሁለት ደህኖች ተርፈው ነበር። ናሳ በአንዱ እየሠራ ሌላውን ለክፉ ቀን አስቀመጠው። እኔ ጋ የሚመጣ ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር አይሞላም፤ የጋይሮስኮፑ መንኮራኩር 19,200 ይዞራል፣ ያውም ኩሽኔታው ጋዝ ነው! መጨረሻው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሚያደርሱት፣ እንደ ፀጉር በቀጠኑት ሽቦዎች በኩል ነው። የተነከሩበት ወፍራም ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። ታዲያ አንዱን አሳርፎ ማቆየት ምኑ ነው ማብቃት? እርግጥ ቴሌስኮፑ ከአንድ ዒላማ ወደ ሌላ ሲዞር ይዘገያል፤ ከማርስ የሚቀርቡንንም አካላት መከታተል አይችልም።

ሀብል ሲሠራ ጀምሮ ለጥገና ታስቦበታል። ጠፈርተኞች አምስት ጊዜ ሄደው ጠግነውታል። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር፤ ስድስቱም ጋይሮስኮፖች ያኔ ተቀየሩ። በዚያው ጉዞ ጠፈርተኛው ማይክ ማሲሚኖ የተበላሸ መሣሪያ ሊከፍት 111 ትንንሽ ብሎኖች ይጠብቁት ነበር። እነሱ ጋ ሳይደርስ ግን ከፊት ያለው የእጅ መያዣ አንድ ብሎን ተላጠበት። እኔ ብሆን መዶሻና ፌሮ አነሳ ነበር። እሱ ግን ስባሪው ጓንቱን ቢቀድደው ሕይወቱ ነው። ምድር ላይ ያሉት ባለሙያዎች ተመሳሳይ መያዣ ላይ ሞክረው እንዲገነጥለው ነገሩት፤ በእጁ ጎትቶ ገነጠለው። መሣሪያውም ተጠግኖ ሥራ ጀመረ።

በ2024 ናሳ አንድ የግል ቡድን ቴሌስኮፑን ወደ ላይ ከፍ ላድርገው ሲል ለጊዜው አልተቀበለም። ብዙዎች ተቹት፤ እኔ ግን እደግፈዋለሁ። ደህና እየሠራ ያለን ማሽን ነካክቶ ያበላሸ ስንት ሰው አውቃለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ሀብል የራሱ ሞተር የለውም፤ ስስ አየር እየጎተተው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። ቀድሞ ከፍ ያደርጉት የነበሩት፣ ጠፈርተኞችን የሚያመላልሱት የጠፈር መንኮራኩሮች (ስፔስ ሸትሎች) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ጡረታ ወጥተዋል። በሚቀጥለው እትማችሁ እርማቱን አውጡና ስለዚህ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ