ያቺ ቀዳዳ ተመርጋለች?

ደሴ

ውድ ወንድሜ ሰይድ፣

እንዴት ከርመሃል? እማማ ደህና ናቸው? ባለቤትህና ልጆቹስ? 8 ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ። የአባባን ማረፍ የሰማሁት ባለፈው ሰኞ ገበያ፣ ከኩታበር ከመጣ ሰው ነው። ቀብራቸው ላይ መቆም ነበረብኝ። አላህ በጀነት ያኑራቸው። ሰውየው ሌላም ነገር ነገረኝ። ምንሽራቸው አሁን አንተ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ትልቁ ልጅህም "መቼ ነው የምታስተኩሰኝ?" እያለ ይጨቀጭቅሃል አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለምን እንደጠፋሁ ታውቃለህ። በእህትህ ሠርግ ያንኑ ምንሽር ከዳሱ ምሰሶ ላይ አውርጄ "ባዶ ነው" አልኩህ። ባዶ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔው ነኝ ያልኩት። ምላጩን ሳብኩት። ጥይቷ የዳሱን ቅጠል በስታ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ግድግዳ ውስጥ ገባች። ከእማማ ራስ በላይ አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። እልልታው ቀጥ አለ። አባባ መጥተው ጠመንጃውን ከእጄ ወሰዱ። ከፍተው ቀለሃውን አወጡና "ቁጭ በል፣ ብላ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጃችሁን ለመርገጥ ዓይን አጣሁ።

አሁን ምን እንደምሠራ ልንገርህ። አርሲና ባሌ ውስጥ ፈቃድ ላላቸው አዳኝ ረዳት ነኝ። የውጭ አገር ሰዎች ከፍለው የደጋ አጋዘን ሊያድኑ ይመጣሉ። ታውቀዋለህ፤ አሥር ሳንቲም ላይ ያለው ባለ ጠምዛዛ ቀንዱ ነው። ከዓለም ሁሉ እኛ አገር ብቻ ይገኛል፣ ያውም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ወሎ ውስጥ የለም፤ እኛስ ጋ ያሉት ድኩላና ጭላዳ ናቸው፣ ቦረና ሳይንት ደግሞ ቀይ ቀበሮው።

አለቃዬ የመጀመሪያውን ሳምንት አንዲት ጥይት አልሰጡኝም። ጠመንጃውን ይሰጡኛል፤ እኔ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጌ መዝጊያውን እከፍታለሁ፣ በዓይኔ አያለሁ፣ በጣቴ እዳስሳለሁ። መልሼ እሰጣቸዋለሁ። እርሳቸውም ያንኑ ያደርጋሉ። ወዲያው ይመልሱልኛል። አሁን አይተነው የለ ወይ? አይሆንም፣ እንደገና ክፈት! ጣቴ ደግሞ ምላጩ ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ዒላማውን አይቼ ልተኩስ ስቆርጥ ብቻ ነው ወደ ምላጩ የሚወርደው።

በሁለተኛው ሳምንት አሥር ሳንቲም አመጡ። ባዶነቱን ሁለታችንም አየን፣ ሳንቲሟን አፈሙዙ አጠገብ ብረቱ ላይ አስቀመጡና "ሳብ" አሉኝ። ወደቀች። ቀኑን ሙሉ ስትወድቅ ዋለች። ምላጭ ቀስ ተብሎ ነው የሚጨመቀው። ትንፋሽህን ግማሹን አውጥተህ ትይዛለህ፣ ከዚያ በጣትህ ብቻ ትጫናለህ። መቼ እንደሚጮህ አንተ ራስህ ማወቅ የለብህም። ካወቅክ ትከሻህ ቀድሞ ይደነግጣል፣ ጥይቷም ትስታለች። ሳንቲሟ ሳትወድቅ 20 ጊዜ ስስብ ነው እውነተኛ ጥይት ያየሁት። ጠመንጃው ላይ በሚገጠመው መነጽር ማነጣጠርም የራሱ ጣጣ አለው። ዓይንህን ካስጠጋኸው ጠመንጃው ሲመልስ ቅንድብህን ይፈነክተዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የያዘኝ ሌላ ነው። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ስለዚህ እንስሳውን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውንም ታያለህ። አንድ ጠዋት የአስታው ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ፣ ብርዱ እጅ እየቆረጠ፣ ሽማግሌ ወንድ አጋዘን ሸንተረሩ አናት ላይ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ስንት ቀን የፈለግነው እርሱን ነበር። እንግዳው አነጣጠረ። አለቃዬ እጃቸውን አፈሙዙ ላይ አድርገው ዝቅ አደረጉት። ከአጋዘኑ ጀርባ ሰማይ ብቻ ነበር። ሰውየው ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ ከሸንተረሩ ማዶ አንድ እረኛ በፈረስ ብቅ አለ። እኔ ያን ጊዜ እማማ ናቸው በዓይኔ የመጡት፣ ምጣዱ ፊት ተቀምጠው።

ሰይዶ፣ ልጁን አትከልክለው። ከከለከልከው ተደብቆ ይነካዋል፤ እኛም እንዲያ ነበርን። ግን እኔ እስክመጣ አንድ ነገር አድርግልኝ። ምንሽሩን ከግድግዳ አውርደህ ክፈተውና በጣትህ ዳስስ። ጥይቶቹን አውጥተህ እማማ ሳጥን ውስጥ ቆልፍ፣ ቁልፉ ከእርሳቸው ጋር ይሁን። ጠመንጃውን ሌላ ቦታ አስቀምጠው። ወፍጮ ላይም ሆነ ሠርግ ላይ "ባዶ ነው" የሚል ሰው ካለ ከፍቶ ያሳይህ።

አዝመራው እንደተሰበሰበ እመጣለሁ፣ አሥር ሳንቲሟንም ይዤ። አባባ መቃብር ድረስ ትወስደኛለህ። ከዚያ እማማ እግር ላይ ልውደቅ፤ ይቅር የሚሉኝ ከሆነ።

ደግሞ ንገረኝ፣ የምድጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው ቀዳዳ ተመርጋለች? ካልተመረገች ተዋት። ለልጅህ አሳየው። ማን እንደተኮሳት ግን እኔ ራሴ ልንገረው።

ወንድምህ